የሐሙሱ ዝናብ

መሪጌታ ወልደሩፋኤል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ተጠይቀው አንድም ቀን አልተሳሳቱም፤ ቀን ቆርጠው ስለማያውቁ ነው። «ይዘንባል፤ ካልዘነበም ምክንያት አለው» ይላሉ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ያለችው የደጋ ደብር ሰውም ይህንኑ ሰምቶ፣ አምኖ ይመለሳል። ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ከሃያ ዓመት አስቀድሞ በባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ሊቅ የሳምንት ዝናብ እንዴት ያቅተዋል? ባሕረ ሐሳብ ስለ ደመና አንዲት ቃል እንደማይናገር የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። የጠየቃቸው ስለሌለ አልተናገሩም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት የበልጉ ሰማይ ነገሩ አልለይ አለ። ጧት ይደምናል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ትወጣለች፣ ማታ ያጉረመርማል፤ ግን አይጥልም። የገበሬ ማኅበሩ ሬዲዮ «በሰሜን ምሥራቅ ደጋማ አካባቢዎች አልፎ አልፎ ዝናብ ሊኖር ይችላል» ሲል መሪጌታ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ የሚናገር ሰው ቄስ ትምህርት ቤት ሳይገባ አልቀረም።

ሰኞ ዕለት አሰጋሽ መጣች። ባሏ በድርቁ ሞቶባታል። የቀራት አንድ ቁና የዘር ገብስ ነው፤ ልጆቿ ሲራቡ እንኳ ያልነካችው።

«የኔታ፣ ጎረቤቴ ንጉሡ በሬዎቹን ለነገ ብቻ ነው የሰጠኝ። ዘርቼ ዝናቡ ከቀረ ቆቅ ለቅሞ ይጨርሰዋል። መቼ ነው የሚዘንበው?»

«ይዘንባል፤ ካልዘነበም ምክንያት…»

«ቆቅ ምክንያት አይሰማም፣ የኔታ።»

መሪጌታ «አላውቅም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የሠላሳ ዓመት ክብራቸው ግን ከለከላቸው።

«ነገ ዝሪ። ሐሙስ ይዘንባል።»

ማክሰኞ ዘራች። ሐሙስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ዓርብም እንዲሁ። ቆቆቹ መጡ። መሪጌታ ቅኔ ማኅሌት ቆመው ዜማ ሳቱ። ሌሊቱንም እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ የእነዚያ ልጆች ጉሮሮ ታያቸው፣ ራሳቸውን ጠሉ።

ቅዳሜ ከራሳቸው ጎታ አንድ ቁና ገብስ ሰፈሩና በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ አሰጋሽ ማሳ ወረዱ። አሰጋሽ ድንጋይ ይዛ ቆቅ ታባርራለች።

«ልጄ፣ ባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል እንጂ ዝናብ አይቆጥርም። ሐሙስ ያልኩሽ ከራሴ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ድንጋዩን ሳትጥል።

«ታዲያ ለምን ዘራሽ?»

«በሬዎቹ ከማክሰኞ አያልፉም ነበር። እኔን የቸገረኝ ዝሪ ብሎ የሚያደፋፍረኝ ሰው ነበር።»

 ይህን ጊዜ አንድ ጠብታ የመሪጌታ አፍንጫ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ቆቆቹ ወደ ገደሉ በረሩ። አሰጋሽ ድንጋዩን ጥላ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«ይሄ የሐሙሱ ነው» አሉ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እንደ ደሴው መኪና መንገድ ላይ ቆይቶ ነው።»

አሰጋሽ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ያበጠ ጋቢያቸውንና ከሥሩ ያጮለቀውን ገብስ አየች።

«አብሽሩ፣ የኔታ። ያን ገብስ ግን ቶሎ ወደ ቤት ይመልሱት፤ ዘር ነው፣ እንዳይረጥብብዎ።»