የእትዬ ኮምፒውተር

የወፏን ክንፍ እኩሌታ እንደ ጠለፈ መርፌው ቀጥ አለ።

ጥልፈኛዋ ቀና ብላ ስክሪኑን አየችው፤ ጠቁሯል። ከጧት ጀምሮ ይሄ ሦስተኛው ነው። ተነሥታ ሄዳ የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ጎኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ድሮ ይሄ ይበቃው ነበር። ዛሬ ግን ማራገቢያው እንኳን አልተነፈሰም።

«ኧረ ባክህ፣ ዛሬን ብቻ!» አለችው፣ ሰው ይመስል።

ማሽኑ ላይ የተወጠረው ሰማያዊ የሕፃን ሹራብ ነው። ከስልሳው ገና አሥራ አራቱ ይቀራሉ፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ሰዎች ደግሞ ነገ ጧት መጥተው ይረከባሉ። የሱቁ የመጀመሪያ ደንበኞች እነሱ ናቸው። በየዓመቱ አዲስ ሕፃናት ይገባሉ፣ በየዓመቱ ያቺው ቢጫ ወፍ ደረታቸው ላይ ታርፋለች። የጥልፍ ማሽኑ ወፏን የሚያውቃት ኮምፒውተሩ ሲነግረው ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ማሽኑም ዝም ነው።

ወጥታ ሁለት ሱቅ አለፍ አለችና ተጣራች።

«ዶክተር! ኧረ ድረስልኝ!»

ዶክተር ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ኋላም ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረ ጎረቤቷ ነው። ስሙ የወጣለት የተበላሸ ዕቃ ሲያመጡለት ገና ሳይነካው «መቼ ጀመረው? ሌሊት ይተኛል?» እያለ ስለሚጠይቅ ነው። መፍቻውን ይዞ መጣ፣ ተንበረከከ፣ የሳጥኑን ክዳን ፈታ። ውስጡ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የክር ብናኝ እንደ ጥጥ ተድበልብሎ ተቀምጧል።

«ከዚህ ውስጥ አንድ ሹራብ ይወጣዋል» አለ።

«አትቀልድብኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

በብሩሽ ጠረገውና በእጅ ባትሪ እያበራ አሳያት። «እነዚህን አየሻቸው? ያበጡትን? ኤሌክትሪኩን የሚያረጋጉለት እነሱ ናቸው። ልቡ ደክሟል በይው።»

«ይድናላ?»

ዶክተር ተረከዙ ላይ ቁጢጥ አለ። «ሁለት ምርጫ አለሽ። አንደኛው፣ አሮጌ ዕቃ ተራ ወርጄ እነዚህ የተተከሉበትን ዓይነት ቦርድ እፈልጋለሁ። ካገኘሁ እገጥምልሻለሁ፤ ግን እሱም የዚሁ እኩያ ነው። ስድስት ወር ይሂድ፣ ዓመት ይሂድ፣ እኔ አልምልልሽም። ሁለተኛው፣ እኔ ጋ ያለውን አዲሱን ትወስጃለሽ። ከማሽንሽ ጋር በማገናኛ ይግባባል።»

«ሥዕሎቹስ?»

«ችግሩ እሱ ላይ ነው። የናንተ ፕሮግራም ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ አዲሱ ላይ አይሠራም። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ያሮጌውን ፋይል አያነብም። ሁሉንም እንደገና መሣል ነው።»

«እንግዲያው ቦርዱን ፈልግልኝ» አለች፣ ሳታስብበት።

ዶክተር ጥግ የቆመውን ቬንትሌተር ጎትቶ ክፍት በሆነው ሳጥን ላይ ደገነና የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነ። ትንሽ አቃሰተ፤ ከዚያ ስክሪኑ በራ።

«ነፋሱ ካልተቋረጠበት እስከ ምሳ ይታገስሽ ይሆናል። ሹራቦችሽን ጨርሺ» አለና መፍቻውን ኪሱ ከተተ። «እኔ ቦርድ ፍለጋ ከመውረዴ በፊት ግን ለእትዬ ደውዪላት።»

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት። ሁለቱም አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ ታላቂቱ ቁልፍ ስትተክል ታናሺቱ እጅጌ ታያይዛለች። ፋብሪካው ሲዘጋ በስንብቱ ገንዘብ ያገለገለ የጥልፍ ማሽንና ይህን ኮምፒውተር ገዙ። ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ተራ በተራ እየታቀፉ በታክሲ ነበር ያመጡት። ሹፌሩ በመስተዋቱ አያቸውና «ስንት ወሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬም ኮስተር ብላ «ዛሬ ገና መወለዱ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው።

እትዬ ኮርስ ገብታ በኮምፒውተር መሣል ተማረች። ታናሺቱ ክሩንና መርፌውን ያዘች። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ሆና ስክሪኑን እያየች «ቀይ!» ትላለች፤ ታናሺቱ ከማሽኑ ጀርባ «ቀይ ገብቷል!» ትመልሳለች። «ቢጫ!» «ቢጫ ገብቷል!» በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ያዳምጣቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ እትዬ የካርታ ጨዋታ ትከፍትና በተሸነፈች ቁጥር «ይሄ ኮምፒውተር ያጭበረብራል!» እያለች ትንጨረጨራለች። ታናሺቱ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እንደዚያ የሳቀችበት ጊዜ ከዚያ በኋላ ትዝ አይላትም።

ከዚያ የእትዬ ልጅ ሌላ ከተማ ሆና ወለደች። እትዬ «ለሦስት ወር ነው» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ይኸው አምስት ዓመት ሆነ። አዲስ ሥዕል የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ጥልፈኛዋ «የምትሥለው እህቴ እስክትመጣ» እያለች ትመልሰዋለች፤ የምትጠልፈው የድሮዎቹን ብቻ ነው። ደንበኛው አንገቱን ነቅንቆ ይወጣል፣ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይገባል።

ማሽኑ ክንፉን ካቆመበት ሲቀጥል ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ደወለች።

«እትዬ?»

«ወዬ የኔ ቆንጆ! ቆይ፣ ይሄን ልጅ ከጀርባዬ ላውርደው... እሺ። ምነው በደህና?»

«ደህና ነው። ኮምፒውተሩ ታሞ ነው።»

«የትኛው ኮምፒውተር?»

«የኛ ነዋ!»

«እንዴ! እስካሁን አለ?» እትዬ ሳቋን ለቀቀችው። «እኔ እኮ ድሮ የጣልሽው መስሎኝ!»

ታናሺቱ ቅር አላት። እንደ ምንም ዋጥ አድርጋ ዶክተር ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። ጽጌረዳዋ፣ የኳስ ቡድኑ አንበሳ፣ የሆቴሉ ቁልፍ፣ ወፏ፣ ሁሉም ሊጠፉ ነው።

«ወፏ? ያቺ ምንቃረ ጠማማዋ?»

«ምኗ ተጣመመ?»

«ምንቃሯ ነዋ! ስሥላት ማውሱ ከእጄ አምልጦ ጠመመብኝ። ነገ አስተካክለዋለሁ ስል የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር መጣችና "እንዴት ታምራለች!" አለች። በቃ አፍሬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምትጠልፊያት?»

ጥልፈኛዋ ካለቁት ሹራቦች አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። እውነትም ምንቃሯ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ስንት ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ የወፍ ምንቃር እንደዚያ ይመስላት ነበር።

«እኔ እኮ...» አለች፣ ሹራቡን መልሳ እያስቀመጠች። «ያንቺ እጅ ሥራ ነው ብዬ ነው። ስትመለሺ ሁሉንም እንዳለ እንድታገኚው።»

ከወዲያ በኩል ሕፃን ልጅ ወለል ላይ ብረት ነገር ሲጎትት ይሰማል።

«ስሚኝ እህቴ» አለች እትዬ፣ ቀስ ብላ። «ቀደም ብዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አልመለስም። በየዓመቱ ዘንድሮስ እነግራታለሁ እላለሁ፤ አንቺ ሳትጠይቂኝ ስትቀሪ እኔም እተወዋለሁ። እዚህ ለምጃለሁ። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ መርፌ ቀዳዳ ክር የሚያገባልኝ ይሄ ውሪ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ታናሺቱ። ማወቋን ግን ራሷም የሰማችው ገና አሁን፣ ከአፏ ሲወጣ ነው።

«ተቀየምሽኝ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽማ ይገባኛል። ሥዕሎቹ ደግሞ የትም አልጠፉም። ሰዉ ለብሷቸው ይዞር የለ እንዴ? ከልብሱ ላይ እያየሽ ትሥያቸዋለሽ።»

«እኔ? እኔ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ...»

«እኔስ ማን ነበርኩ? ቁልፍ ተካይ! ምንቃር አጣምሜ አይደል የጀመርኩት?»

ታናሺቱ ሳቋ አመለጣት። እዚያ ማዶ እትዬም ሳቀች፤ ልጁም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ጮኸ።

የመጨረሻው ሹራብ ሲያልቅ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ቬንትሌተሩ እያጓራ ኮምፒውተሩን እስከዚያ አድርሶታል። ጥልፈኛዋ የተረፈውን ክር በመቀስ ቆረጠች፣ ሹራቦቹን አጣጥፋ በካርቶን ደረደረች፣ ከዚያ ሄዳ እትዬ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የካርታ ጨዋታውን ፈልጋ ከፈተችና አንድ ዙር ተጫወተች። ተሸነፈች። «አጭበርባሪ» አለችው በለሆሳስ። ሰሞኑን እሱ በራሱ ጊዜ ድርግም ሲል ነበር የሚሰነብተው፤ አሁን ግን ራሷ በደንቡ ዘጋችው።

ዶክተር ከምሳ ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት።

«እሺ፣ ቦርድ ፍለጋ ልውረድ?»

«ተወው። አዲሱን አምጣልኝ።»

አላመነም። «ሥዕሎቹስ?»

«ይሣላሉ።»

በማንስ ብሎ አልጠየቃትም። አሮጌውን ሳጥን ታቅፎ ወጣ፣ አዲሱን ታቅፎ ተመለሰ። መጠኑ የጫማ ካርቶን ያህል ነው፤ የጠረጴዛው ግማሽ ባዶ ቀረ። ገመዶቹን ሰካ፣ ማገናኛውን ከማሽኑ ጋር ሞከረ፣ እያፏጨ ፕሮግራሙን ጫነ። ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን መጥቶ ቆመ።

«በማን ስም ልክፈተው?» አላት፣ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ እንዳንዣበበ። «ያኛው በእትዬ ስም ነበር። ያንኑ ላድርገው?»

አዎ ልትለው አፏን ከፍታ ነበር።

«ቆይ፣ እኔ ልጻፈው» አለች። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ፣ ፊደሎቹን በአንድ ጣቷ አንድ በአንድ እየፈለገች፣ የራሷን ስም ጻፈች።