አራተኛው ድምፅ

ግማሽ ጉንጩ ተላጭቶ ግማሹ ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ የፀጉር አስተካካዩ እህት ባል ከወንበሩ ድንገት ቀና አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ፈጥኖ ባያነሳ ኖሮ ከጆሮው ሥር ደም ባወጣው ነበር።

"ጋሼ፣ ስብሰባው ዛሬ ከሰዓት ነው አይደል?" አለው በመስታወቱ ውስጥ እያየው።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ልቆርጥህ እኮ ነው።"

"አውቶቡሱ ከጸደቀ እኔ አለቀልኝ። ሦስት ወር ለሙከራ ነው ስትሉን ችለን ዝም አልን። አሁን ከተማው ከራሱ በጀት መድቦ ለሁልጊዜ ሊያደርገው ነው። ደህና ደህናውን መንገድ እሱ ከወሰደው እኔ በሚኒባሴ ማንን ልጭን ነው? ውሸቴን ነው?"

"እውነትህን ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ይህች ቃል የስሙ ያህል ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ ወንበር ጀርባ ሲቆም ከተቀመጠ ሰው ጋር ተከራክሮ አያውቅም። አለቃውን የሚያማ፣ ሚስቱን የሚያማ፣ በረኛ የሚሰድብ፣ ማንም ይምጣ ማን፣ እሱ መቀሱን እያንቀጫቀጨ "እውነትዎን ነው" ይላል። ሰፈርተኛውም "እውነትዎን" የሚል ቅጽል ስም አወጣለትና ባለፈው ምርጫ "የሁላችንንም ሆድ የሚያውቅ እሱ ነው" ብሎ የከተማው ምክር ቤት አባል አደረገው። ሰው ሁሉ ያልተረዳው ነገር ቢኖር እውነትዎን አስመሳይ አለመሆኑን ነው። የተቀመጠው ሰው ሲናገር ከልቡ ያምነዋል። ችግሩ ያ ሰው ተነሥቶ ሌላው ሲቀመጥ ነው።

የእህቱ ባል ደግሞ እንደ ማንኛውም ደንበኛ የሚታይ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት እውነትዎን ጀርባውን ታሞ ሲተኛ፣ ይህ ሰው ሚኒባሱን ከሥራ አስቀርቶ፣ የኋላ ወንበሮቹን ፈትቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ በየሳምንቱ ሌላ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሲያመላልሰው ከርሟል። ያንን ውለታ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶበት አያውቅም። ዛሬም አላነሣውም። አረፋው ከፊቱ ሲጠረግለት አገጩን በመዳፉ ዳበሰና፣ "ድምፁ በወረቀት ነው አሉ፤ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። አንተ ግን የኛ ሰው ነህ" ብሎ ወጣ።

ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሲስተር አባቷን ደግፋ ገባች። ሲስተር የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ሕመም አንድ ጎናቸውን የያዛቸውን አባቷን አውቶቡሱ ከጀመረ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ እያመጣች ታስላጫቸዋለች። የሚኖሩት ከከተማው ጫፍ ኮረብታው ላይ በተሠራው አዲስ ሰፈር ነው። ሚኒባሶቹ ወደዚያ አይወጡም፤ ዳገቱ ነዳጅ ይበላል፣ ሲመለሱም የሚጭኑት አያገኙም። አውቶቡሱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ እኚህ ሽማግሌ ስምንት ወር ሙሉ ከግቢያቸው አልወጡም ነበር።

ሲስተር ነገር አታበዛም። ፎጣውን አባቷ አንገት ላይ እያስተካከለች፣ አውቶቡሱ ሳይጀምር አንዲት ነፍሰ ጡር ያንን ኮረብታ በእግሯ ወርዳ ጤና ጣቢያው በር ላይ እንደወለደች፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየች ነገረችው። አባትየው በደህናው እጃቸው የእውነትዎንን ክንድ ያዝ አደረጉ። አፋቸው እንደ ድሮው አልታዘዝ ስላላቸው አንዲቷን ቃል ለማውጣት ጊዜ ወሰደባቸው።

"አደራ… ልጄ" አሉት።

"እውነትዎን ነው አባባ።"

ይሄም ከልቡ ነበር።

ምሳ ሲበላ ሁሉንም ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"እና ለሁለቱም እሺ አልካቸው?"

"እሺ አላልኩም። እውነታችሁን ነው ነው ያልኩት።"

"በሁለት ቢላ መብላት ማለት ይኼ ነው።"

"ሁለቱም እውነታቸውን ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?"

ሚስቱ ሳህኑን ከፊቱ አነሣች። "ሁለቱም እውነታቸውን ከሆነ፣ ውሸታሙ አንተ ነህ ማለት ነው" አለችው፤ አልተቆጣችም፣ እንዲያው እንደ ሒሳብ አስልታ ነው የነገረችው።

ቤቱና ፀጉር ቤቱ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ ስለዚህ በዚያ አውቶቡስ አንድ ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። በማያውቀው ነገር ሊፈርድ መሆኑ ገና አሁን ነው የቆረቆረው። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ወደ ፌርማታው ሄደ። ገና ሰባት ሰዓት ነበር፤ አንድ ዙር ሄዶ ለስብሰባው ይደርሳል።

ፌርማታው ላይ አርባ ደቂቃ ቆመ። አጠገቡ የቆሙ አሮጊት፣ ካሉት ሁለት አውቶቡሶች አንዱ ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪመጣ ከቆመ ሳምንት እንዳለፈው በምሬት ነገሩት። እውነትዎን ሁለት አውቶቡስ ማስጠገን ያቃተው ከተማ እንደታቀደው ስድስት ቢጨምር ምን ሊውጠው ነው ብሎ አሰበ። ልቡ ወደ እህቱ ባል አዘነበለ። አውቶቡሱ ሲመጣ ደግሞ በዚያ ሁሉ ወንበር የተቀመጠው ሰባት ሰው ብቻ ነበር። ልቡ ጨርሶ ወደዚያ ሄደ።

ገበያው ጋ ሲደርሱ ግን በሁለቱም በር ሰው ጎረፈ። ከረጢት በከረጢት ላይ ተጫነ። አንዲት ሴት ከራሷ የሚበልጥ ስፖንጅ ፍራሽ ይዛ ገባችና በሩ አልዘጋ አለ፤ ሰዉ እየሳቀ ፍራሹን በራስ በራስ ላይ አሳልፎ ከኋላ አደረሰላት። እውነትዎን አጠገብ የተቀመጠች አትክልት ነጋዴ፣ ድሮ ከገበያ ቤቷ ስትደርስ ልጆቿ ጎረቤት ሲለምኑ ታገኛቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ቀድማቸው እንደምትገባ ሳይጠይቃት አጫወተችው። የሄደው ልቡ ተመለሰ።

ኮረብታው ላይ አውቶቡሱ ዞሮ ሲቆም ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብሎ፣ ምክር ቤቱ ምን ቢወስን ደስ እንደሚለው ጠየቀው።

ሾፌሩ ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ እኔ ሚኒባስ ስነዳ አውቶቡስ አይምጣብን እል ነበር። አሁን አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ አይሂድብን እላለሁ። ሰው የተቀመጠበትን ነው የሚናገረው።"

በመልሱ መንገድ በታክሲ ተራው በኩል አለፉ። እውነትዎን ከከፍታው ወደ ታች ሲያይ የእህቱን ባል አየው። ተራው ገና ስድስተኛ ነው። ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ፣ ጠዋት የተላጨ ጉንጩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተኝቷል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። እውነትዎን ሳያስበው ከመስኮቱ ሸሸ አለ፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሊያየው እንደማይችል የተረዳው አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ነው። አንዱን መንገድ ፍለጋ ወጥቶ ሁለቱም ጠፍተውበት ወደ ስብሰባው ገባ።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አንዱ አባላት በክብ ተቀምጠዋል። ሕዝብ እንዲያዳምጥ በሩ ክፍት ስለነበር የሚኒባስ ሾፌሮቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። የበጀት ኃላፊው ነገሩን ባጭሩ አስቀመጠው፤ ገንዘቡ ያው አንድ ገንዘብ ነው፤ ለአውቶቡስ ከዋለ ታችኛው ሰፈር ሊዘረጋ የታሰበው የውኃ ቧንቧ ሁለት ዓመት ይዘገያል። ይኼን ጊዜ እውነትዎን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ቧንቧውን ማን አሰበው? እስካሁን የእህቱ ባልና ሲስተር ብቻ የሚከራከሩ መስሎት ነበር፤ ለካ ውኃ የሚጠብቁም አሉ።

ሦስት አባላት አውቶቡሱን ደግፈው ተናገሩ፤ መምህሯ ጠረጴዛ እስከ መምታት ደረሰች። ስድስቱ ተቃወሙ። ያልተናገሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እውነትዎንና ከጎኑ የተቀመጡት ባለመድኃኒት ቤቱ። ባለመድኃኒት ቤቱ ዝምተኛ፣ ሰላምታ እንኳ በራስ ንቅናቄ የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። አፈ ጉባኤው ሐሳብ እንዳላቸው ሁለቱንም ሲጠይቅ ሽማግሌው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ እውነትዎን ደግሞ፣ "ሁሉም ያሉት እውነታቸውን ነው" አለና አዳራሹ ሳቀ።

ወረቀት ታደለ። "እደግፋለሁ"፣ "እቃወማለሁ"፤ ከአንዱ ፊት ምልክት ማድረግ ነው። ባለመድኃኒት ቤቱ ወዲያው አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ጨመሩ። እውነትዎን እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። የእህቱን ባል የተከፈተ አፍ አሰበ። ፍራሹን በራስ ላይ ሲያሳልፉ የነበሩትን እጆች አሰበ። ቧንቧውን አሰበ። ባዶውን ቢያስገባስ? ማንም አያውቅም። ሁሉም ተነሥተው እሱ ብቻ ሲቀር፣ አፈ ጉባኤውም ሰዓቱን ሲያይ፣ አሳቡ ገና ሳይጠራለት እጁ "እደግፋለሁ" ላይ ምልክት አደረገ። ሳጥኑ ውስጥ ከከተተው በኋላ መልሶ ሊያወጣው ፈለገ፤ ቀዳዳው ግን እጅ አያስገባም።

ሰባት ተቃውሞ፣ አራት ድጋፍ። አውቶቡሱ ቀረ።

ሲወጣ የእህቱ ባል ደረጃው ላይ አንቆ አቀፈው። ትከሻውን መታው፣ መልሶ አቀፈው። እህቱም ውጤቱን ሰምታ ደውላ ነበር፤ ባሏ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገለትና "ዕድሜህ ይርዘም ወንድሜ፣ ቤቴን አቆምክልኝ" ስትለው ሰማ። ምን እንደመለሰላት አያስታውስም።

ሾፌሮቹ ቆጠራ ጀመሩ። ደግፈው የተናገሩት ሦስት ናቸው፤ የተቆጠረው ግን አራት ነው። ታዲያ አራተኛው ማን ነው?

"ይኼ ምን ማሰብ ይፈልጋል?" አለ አንዱ ወፍራም ሾፌር። "ያልተናገሩት ጋሼና ባለመድኃኒት ቤቱ ናቸው። ጋሼ የኛ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ነው።"

"እኔም ያን ዝምታ ጠርጥሬው ነበር" አለ የእህቱ ባል።

ወፍራሙ ሾፌር ከነገ ጀምሮ ከሾፌሮቹም ሆነ ከቤተሰባቸው ማንም ሰው ከዚያ መድኃኒት ቤት አንዲት ክኒን እንዳይገዛ አለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ወዲያው ሽማግሌው ከአዳራሹ ወጡ። ባርኔጣቸውን አደረጉና እንደ ልማዳቸው በራስ ንቅናቄ ሰላም አሏቸው። አንድም ሰው አልመለሰላቸውም። ሽማግሌው የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስል ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ እያሉ መውረድ ጀመሩ።

እውነትዎን ጀርባቸውን አየ። ዝም ቢል ምንም አይመጣበትም። አውቶቡሱም ቀርቷል፣ ዝምድናውም አለ፣ ወረቀቱም ስም የለበትም።

"አራተኛው እኔ ነኝ" አለ።

የእህቱ ባል ሳቀ። "ተው እንጂ ጋሼ።"

"ቀልድ አይደለም። እሳቸውን ተዉአቸው። የደገፍኩት እኔ ነኝ።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ወፍራሙ ሾፌር ጉሮሮውን ጠርጎ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ። ደረጃው ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ለምን?" አለ የእህቱ ባል።

እውነትዎን ወደ አዳራሹ በር ዞር ብሎ አየ።

"አላውቅም። ልክ መሆኔንም አላውቅም። ወረቀቱን ቢመልሱልኝ ምናልባት ሌላውን አደርግ ይሆናል። ያደረግኩት ግን ይኼን ነው፤ በሰው አይሳበብ።"

"በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እምቢ ብለኸኝ አታውቅም።"

"አላውቅም" አለ እውነትዎን።

የእህቱ ባል ደረጃውን ወረደ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሣ። ግን አልሄደም። አንድ መንገደኛ መስኮቱ ጋ ጠጋ ብሎ የሚጭን መሆኑን ጠየቀው፤ እጁን አወዛወዘበት፤ ይምጣ ማለቱ ይሁን ይሂድ ማለቱ ለመንገደኛውም የገባው አይመስልም፣ ጥቂት ቆሞ ሄደ። የእውነትዎን ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። እህቱ ናት። አላነሣውም።

ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ በሌላኛው በር ቢወጣ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ሚኒባሱ አሁንም ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። እሱን ይጠብቀው ወይስ ተሳፋሪ ይጠብቅ መለየት አልቻለም። ሊለየውም እንደማይችል ሲገባው መንገዱን ተሻገረና የጋቢናውን በር ከፈተ።