ከዜናው በፊት ያለው ክራር

የደርግ መጨረሻ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ እየገፋ የመጣበት ጊዜ። ያኔ የመርሳ ሰው ቴሌቪዥን የሚያየው ዘውዱ ሻይ ቤት ነበር። አንዱ ፕሮግራም አልቆ ዜናው እስኪደርስ ጣቢያው የአበባ ሥዕል ያቆምና ሙዚቃ ይለቃል። ደንበኞቹ «ጣቢያውም ሻይ አማረው» እያሉ ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። ሙዚቃውን ከልቡ የሚሰማ ማንም አልነበረም፣ ከእልፍነሽ በቀር።

እልፍነሽ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ያላት አንድ ልጅ ይርጋ ነው፤ ዘምቶ፣ ክራር ስለሚችል የክፍለ ጦሩ የኪነት ቡድን ውስጥ ገብቷል። አንድ ምሽት በሻይ ቤቱ በር ስታልፍ አምባሰል በክራር ሲመታ ሰማችና ቆመች። ይርጋ ልጅ ሳለ የቀለበት ጣቱን ማጭድ በልቶት ስለነበር አንዷ ክር ላይ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል። ይኸኛውም እዚያው ላይ ታፈነ። የተጫዋቹን ስም የጠራ የለም። በኋላ በፈቃድ የመጣ ወታደር ቡድኑ አዲስ አበባ ሄዶ መቀረጹን ነገራት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ትሰማዋለች።

የይርጋ መርዶ በግንቦት መጣ። ሰፈሩ ድንኳን ጣለላት። ዘውዱም ቤቱ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ነውና ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ በጋቢ ሸፈነው። ሐዘንተኛ ደጅ ዘፈን ማሰማት ነውር ነው፤ አርባው እስኪወጣ አይከፈትም።

ከሰልስቱ በኋላ እልፍነሽ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ዜናውን እንደማትፈልግ፣ ከዜናው በፊት ያለችውን ብቻ እንዲከፍትላት ለመነችው።

«እትዬ እልፍነሽ፣ እርስዎ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው እኔ ዘፈን ብከፍት ሰው ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

«የሚመታው እኮ ልጄ ነው።»

«ቢሆንም ዘፈን ነው፣ እትዬ።»

የዕድሩን ዳኛም ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጽናቱን ይስጥሽ ብለው ሸኟት። ሴቶቹ ሐዘኑ ናላዋን አዞረው ተባባሉና ብቻዋን እንዳትሆን ከበዋት ማምሸት ጀመሩ። ሁሉም አዝነውላታል። በየምሽቱ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ሲያጽናኗት እሷ የጋቢውን ጫፍ በሻይ ቤቱ መስኮት በኩል ታያለች።

አርባው ወጣ። ዘውዱ ራሱ ቤቷ ሄዶ አመጣት፣ ፊት ወንበር ሰጣት፣ ቤቱን ዝም አሰኘ። አበባው መጣ። ሙዚቃው ግን የፈረንጅ ፒያኖ ነበር። በማግስቱም ፒያኖ፤ በሳምንቱም ያው ፒያኖ።

«ነገ ይመልሱት ይሆናል፣ እትዬ» አላት ዘውዱ።

እልፍነሽ ዓይኗን ከአበባው ሳትነቅል፣ «ተሸፍኖ ሳለ ይርጋ ስንት ማታ መትቶ ይሆን?» አለችው።

ወዲያው ዜናው ገባ፤ በሰሜን ግንባር ጠላት እየተደመሰሰ ነበር።