የሚካል ምስክርነት

ሚካል ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ፊቷ ጭፍግግ ብሏል። እንዲያው ይታያችሁ፣ የሰባት ወር ልጇን ውዳሴን አዝላ፣ ያን ሁሉ ሰልፍ ተሰልፋ፣ ነርሷ የልጅቷን ደረት አዳምጣ ስታበቃ ምን ትላታለች? "ጉንፋን ነው፤ ጡት አዘውትሪላት። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይ አልጠባም ካለች ቶሎ አምጪያት።" በቃ! ሽሮፕ የለ፣ መርፌ የለ። በኛ ሰፈር መድኃኒት ሳይሰጠው የተመለሰ ሰው ታክሜያለሁ አይልም፤ ሚካልም አላለችም።

ቤቷ እንደገባች ስልኳን ከፈተች። የለቡ እናቶች የሚማከሩበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የልጅቷን ሳል ቀርጻ ላከችው። ቢፍቱ የምትባል እናት አፍታም አልቆየች፦ "እንጥሏ ወርዶ ነው እኮ የኔ እናት! ላፍቶ የሚቆርጥ ሰውዬ አለ፣ ወዲያው ትገላገላለች።" ከስሩ "እውነት ነው" የሚለው ጎረፈ። አንዷ ብቻ "ኧረ ተይ፣ ሕፃን በምላጭ?" ብትል፣ "አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆንሽብን!" ብለው አሸማቀቋት።

አይ ሚካል! የነርሷን ቃል ረስታው እኮ አይደለም። የዚያን ሁሉ እናት ቃል ስታይ ቀለለባት እንጂ።

በማግስቱ ጠዋት ላፍቶ ሄደች። ሰውየው ደግ ነው፤ የሚያስፈራውም ደግነቱ ነው። "አይዞሽ እህቴ" እያለ ምላጩን በአልኮል ጠራረገ። ልጅቷ አንዴ ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች። ሳሉም ቆመ። ሚካል ደስታ ፈንቅሏት እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ "በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ሳሏ ቀጥ አለ። ሂዱ፣ እንዳትፈሩ።" የሰውየውንም ቁጥር አያይዛ ለጠፈችው።

ከሰዓት በኋላ ውዳሴ ጡት ሲሰጧት አፏን አዞረች። ደጋግማ ትውጣለች፤ ምን እንደምትውጥ ግን አይታወቅም። ቆይታ አስታወከች፤ የረጋ ደም ነው። "ውይ ልጄን!" አለች ሚካል። ቢፍቱ ጋ ደወለች።

"ያንቺም ልጅ እንዲህ ደም ፈሷት ነበር? ምን አደረግሽላት?"

"የኔ?" አለች ቢፍቱ ግራ ገብቷት። "እኔማ አላስቆረጥኩም። ሌላ ግሩፕ ላይ ያየሁትን ነው የጻፍኩልሽ።"

ጎረቤቷ ኮርሳ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሆስፒታል ይዟቸው ከነፈ። መካኒሳ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ልጅቷ ገርጥታለች፤ ትንፋሿ አለ፣ ግን ይቸኩላል። ሚካል በአንድ እጇ ልጇን ደግፋ በሌላው ስልኳን አወጣች፣ "አትሂዱ" ብላ ልትጽፍ። ምርቃቱ ተደርድሮ ጠበቃት። መጨረሻ ላይ ሴና የምትባል እናት ነበረች፦

"ሚካልዬ ተባረኪ። ፈርቼ ነበር፣ ያንቺን ሳነብ ነው የደፈርኩት። ይኸው አሁን ልጄን ይዤ ሰውየው ጋ ገባሁ።"

ሚካል ደወለችላት። ይጠራል፣ አይነሳም። ኮርሳ ክላክሱን ቢያንባርቅ ንቅንቅ የሚል መኪና የለም። ጭኗ ላይ ውዳሴ እንደገና መዋጥ ጀመረች። የሴና ስልክም ይጠራል፣ ማንም አያነሳውም።