ወፍ ያልነገረችው

የገደል አፍ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ስቱዲዮ ግድግዳው ባና ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ ከመንዝ የመጣ የበግ ጠጉር ባና ዙሪያውን ተሰቅሏል፤ እዚያ ገብቶ የሚያወራ ሰው በግ ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለዋል። አንቴናው ከገደሉ ጫፍ በቆመ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል። ዘሥላሴ እንደሚለው ከሆነ፣ የአንኮበር ጉም የወፈረ ቀን የሬዲዮው ድምፅ መንገድ ይስትና ቁልቁል አፋር ይወርዳል፤ እዚያ ግመሎች ስለ ደጋ ፖለቲካ ሲከራከሩ ያድራሉ። ዘሥላሴ ከሚለው ውስጥ ግማሹን እንኳ የሚያምን ሰው በአገሩ አልነበረም። መከራውም የጀመረው ያመኑት ዕለት ነው።

ሬዲዮው የመንግሥትም የነጋዴም አይደለም። ገበሬው በግ ሸጦ አዋጥቶበታል፤ ቄሶቹ በዐውደ ምሕረት ለምነውለታል፤ የአልዩ አምባ ሙስሊም ነጋዴዎች ሽቦውን በግመል አስጭነው ዳገቱን አውጥተውለታል። ዜናውን፣ ክርክሩንና የገበሬውን አቤቱታ የምትይዘው ደብረ ብርሃን ተምራ የመጣችው ማርያማዊት ናት። ዘሥላሴ ግን ስምንተኛ ክፍልን ደጋግሞ ተምሮ፣ «ክፍሉን ጨርሼዋለሁ፣ የቀረኝ ጣሪያው ነው» ብሎ የወጣ ሰው ነው። የእሱ ሥራ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሲሞላ «ወፍ አለች» የሚለውን ዝግጅት ማቅረብ ነበር።

ስሙ ከአውጫጭኝ የተወሰደ ነው። በድሮ ጊዜ ዕቃ ሲጠፋ አገሩ በሙሉ ሜዳ ይወጣና ሌባው እስኪታወቅ ይቀመጣል። ያየ ሰው በስውር ለሽማግሌ ሹክ ይላል። ሽማግሌው ማን ነገረህ ሲባል «ወፍ» ብቻ ይላል። ምላሱን ቢቆርጡት እንኳ ወፏን አይሰጥም፤ ወፏን የሰጠ ሽማግሌ ከሰው አይቆጠርም፣ ለቅሶም የሚደርሰው የለም። ሬዲዮውም እንዲያው ነበር። የተበደለ ሰው ለዘሥላሴ ጆሮ ይነግራል፤ ዘሥላሴ ጨው ጨምሮበት ያወራል፤ ማን እንደነገረው ግን አይወጣውም።

የዚያን ሳምንት ግን አንድም ወፍ አልመጣችም። የዘር ወቅት ነው። ማሳው ታርሶ ማዳበሪያ ይጠብቃል፤ ማዳበሪያው «መንገድ ላይ ነው» ከተባለ ሰነባብቷል። ዘሥላሴ ማይኩ ፊት ተቀምጦ ባዶ እጁን ሲያየው ጊዜ፣ ምላሱ ዝም ማለት ስለማትችል ከራሱ አወጣ።

«ወፍ አለች! የጠፋው ማዳበሪያ በወረዳው የመኖ መጋዘን ውስጥ ገለባ ለብሶ ተኝቷል። ትናንት አንዲት ዶሮ በበሩ ሥር ሾልካ ገብታ ቀማመሰችው። ዕንቁላሏን ብትጥል ጊዜ ባለቤቷ በምሣር ፈልጦ ለሠፈሩ አካፈለ፤ አስኳሉን እስካሁን በጭልፋ እየቀዱት ነው!»

ገበያው ሳቀ። ጥቂት ሴቶች ግን አልሳቁም። የጨነቀው ሰው ቀልድም ይፈትሻል። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ፣ የመጋዘኑን በር ገነጠሉ፣ ገለባውን ገለጡ። ማዳበሪያው አፉ እንደተሰፋ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሮ ተገኘ።

ለዘሥላሴ ሲነግሩት መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ጥያቄ «ዶሮዋስ?» የሚል ነበር።

ማዳበሪያው የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቀው ማን ተናገረ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ዘበኛው ወልደኪዳን ነው፤ ስለዚህ ወፏ ወልደኪዳን ነው ተባለና ዕለቱን ታሰረ። ወልደኪዳን ግን ቁልፉን ከማዕተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮ ይዞራል እንጂ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አስም አለበት። አለቆቹ ሲመጡ በሩን ይከፍትላቸውና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሄዶ ይቆማል፤ ገለባ ከሸተተው የጣርማ በርን ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ያጓራል። የእስር ቤቱ ወለል ደግሞ ለብርዱ ተብሎ ገለባ ተነጥፎበታል።

ሚስቱ በሰለች ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ መጣች።

«ዘሥላሴ፣ ልጄ፣ ሳሉ እስከ መንገድ ይሰማል። ያሳድግህ፣ አስፈታልኝ።»

«እትዬ በሰለች፣ ጋሼ ወልደኪዳን ምንም አልነገረኝም። ማንም አልነገረኝም። ወፍ የለችም፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት!»

በሰለች አፉን በመዳፏ ከደነችው። ዐይኗ በእንባ ውስጥ ፈገግ አለ። «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። ለማንም እንዲሁ በል። ወፏን እንዳትሰጥ። ባሌን ብቻ አስፈታልኝ።»

ማርያማዊት የመጣላት ማስተባበያ ነበር። ረቡዕ በዜናው ሰዓት፣ በዚያ ድርቅ ባለ ድምጿ፣ ስለ ማዳበሪያው የተነገረው ፈጠራ መሆኑንና ጣቢያው ይቅርታ እንደሚጠይቅ አነበበች። ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አንዱ «ስንት ጎረሳችሁ?» አለ። ሌላው «ጎበዝ፣ ሸፍኑለት! የወፍ ነገር እንዲህ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ የዶሮዋን ዝርያ ጠየቀ።

ለዘሥላሴ የቀረው አንድ በር ነበር፤ ዘበኛውን ያሳሰረው የጸጥታ ኃላፊ፣ የአቶ ፍሥሐ በር። ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

«ጌታዬ፣ ዋሽቼ ነው።»

አቶ ፍሥሐ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ቀና አለ። «ውሸታም ይስታል እንጂ አይመታም።»

«አልሜ አልነበረም።»

«ሳያልም የሚመታ ተኳሽ አሳየኝ።»

«እንግዲያው እኔን ይሰሩኝ።»

«አንተንማ ባስር ሬዲዮ ታሰረ ይባላል። በማግሥቱ አዲስ አበባ ይወራል፣ በሠልስቱ ውጭ አገር። ዘበኛ ሲታሰር ግን የሚሰማው ሚስቱ ብቻ ናት።» ስንጥሩን ጣለና ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ ከራሴ አወጣሁ ካልክ አውጣ። ቅዳሜ ሌላ ዋሽ። ሰው ሄዶ ባዶ ካገኘ ውሸታም መሆንህን አምናለሁ፤ ሰውየህን እጁን ይዘህ ትሄዳለህ።»

ዘሥላሴ ከቢሮው የወጣው እየዘለለ ነበር። ዋሽ ተብሎ የታዘዘ ሰው ከአዳም ጀምሮ ያለ አልመሰለውም። ስቱዲዮ ገብቶ ከማርያማዊት ፊት ዘፍ አለ።

«የትምህርት ቤቱ ወንበር ያለው ጠጅ ቤት ነው ብልስ?»

«እውነት ነው» አለች ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ የሹም በግ ይተኛል ብልስ?»

«አንደኛው አልጋ ላይ። ፎቶ አለኝ።»

«ለድልድዩ የመጣው ሲሚንቶ ቪላ ተሠራበት?»

«እሱ የሐሙስ ዜናዬ ነው፤ እንዳታበላሽብኝ።»

ዘሥላሴ ራሱን ያዘ። «ማርያማዊት ሙች፣ በዚህ አገር ውሸት አለቀ እንዴ?»

እሷ አልሳቀችም። «እኔ እውነቱን ለማውራት ማስረጃ አጣሁ፤ አንተ ለመዋሸት ቦታ አጣህ። በል ሂድና ፈልግ። ሰውየው ምግብ መመለስ ጀምሯል አሉ። ለመዋጥ የሚሆን ትንፋሽ የለውም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ዘሥላሴ እንቅልፉን አጥቶ የመረጠውን አመጣ። ሪባን ተቆርጦ፣ እልል ተብሎ፣ ከበሮ ተመቶ የተመረቀ የውኃ ቧንቧ ነበር። በምረቃው ዕለት ሹማምንቱ ሲጠጡ አገር አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያልፈሰሰው በድርቁ ነው ተብሏል። ይህን የሚያህል ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም ብሎ ተማመነ።

«ወፍ አለች! ያ ቧንቧ ምንጭ የሚባል አያውቅም። ሌላው ጫፉ የገባው መቃብር ውስጥ ነው። ሙታኑ ጠምቷቸው ወደ ላይ ይስቡታል፤ በምረቃው ዕለት የወጣውም ውኃ አንድ ሟች አስነጥሶት ነው!»

አካፋና ዶማ የያዘ ሕዝብ ቧንቧውን ተከትሎ ቆፈረ። ቧንቧው ትንሽ እንደሄደ አበቃ። ጫፉ እንደ ድንኳን ካስማ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ከአጠገቡ ደግሞ የተቀበረ በርሜል፤ የምረቃው ቀን ውኃ የመጣው ከእሱ ነው።

አቶ ፍሥሐ ደወለ። አልጮኸም። «ወልደኪዳን ሳይታሰር በፊት ይሄንንም ነግሮህ ኖሯል። እንግዲህ ትልቅ ወፍ ነው፤ ትልቅ ጎጆ ይፈልጋል። የሚመጣው ቅዳሜም ካልሳትክ በዚያው ዕለት ወደ ሩቅ እስር ቤት እንሸኘዋለን።»

«ያ ደረት መንገድ አይችልም፣ ጌታዬ! ጣርማ በርን ሳያልፍ ይሞታል!»

ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ዘሥላሴ አያውቀውም። በሰለች አገልግል ይዛ ስትወርድና ያንኑ አገልግል ሳይጎድል ይዛ ስትወጣ ያያል። የሚያያት ከግንብ ሥር ተደብቆ ነው። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት «ወፌ! ዛሬስ ምን አለች?» ይሉታል። እሱ ይሮጣል። ሲሮጥም ውሸት ይፈልጋል፤ ጅብ ዳኛ ሆነ ሊል ይነሣና፣ ከጅብ ጋር የሚመሳሰል ዳኛ ትዝ ይለዋል። ተራራው ተሸጠ ሊል ይነሣና፣ ተራራው ላይ ችካል ተክለው ሲለኩ ያያቸው ሰዎች ትዝ ይሉታል። የት ይርገጥ? የረገጠው ሁሉ ይሰምጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ማይኩ ፊት ተቀመጠ። «ወፍ አለች…» አለ። ማርያማዊት በመስታወቱ ማዶ እጇን አወናጨፈች። ገበያው ከድምፅ ማጉያው ሥር አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ያኔ አንድ ነገር እንደ መብረቅ ወረደበት። ማንም ቆፍሮ ሊያገኘው የማይችል ውሸት አለ፤ ቁልፉ በአቶ ፍሥሐ ኪስ ውስጥ ነው።

«ወፍ አለች! ወልደኪዳን ተፈታ! ከእስር ቤት እንደወጣ አንዴ ቢተነፍስ የወለሉን ገለባ ጠራርጎ ደብረ ሲና ድረስ በተነው፤ የደብረ ሲና ሰው እስካሁን ከፀጉሩ እየለቀመ ነው። ይኸው አሁን ቤቱ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነው!»

ገበያው ባዶ ሆነ። ሽንኩርቱን፣ በጉን፣ ጌሾውን እንደዘረጋ ትቶ ሰው ሁሉ ወደ ወልደኪዳን ቤት ነጎደ።

አቶ ፍሥሐ በእግሩ እያለከለከ ስቱዲዮ ገባ። «ሰውየው ያለው እስር ቤት ነው! አሁን አይቼው መጣሁ!»

ዘሥላሴ ከመቀመጫው ዘሎ እግሩ ላይ ወደቀ። «አዎ! አዎ! ውሸት ነው! ዋሸሁ! አገኘኋት! እንግዲህ በቃልዎ!»

አቶ ፍሥሐ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ሲያስላ ቆየ።

«ዋሽተሃል።»

«ዋሽቻለሁ!»

«ስለዚህ ወፍ የለችም። ወፍ ከሌለች ልፈታው ነው።»

«ዕድሜ ይስጥዎ!»

«ከፈታሁት ቤቱ ይገባል።»

«ይገባል!»

«ቤቱ ከገባ ወፏ ያለችው ሆነ።»

ዘሥላሴ ከወለሉ ቀና ብሎ አየው።

«አገሩ ምን ይላል? ፍሥሐ ሳይፈታው ወፏ አወቀች፤ ወፏ ከፍሥሐ ቢሮ ውስጥ ናት ይላል። የበላዮቼም ይህንኑ ይላሉ። እኔ ነኝ ወፍ የምባለው።» ላቡን ጠረገ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ለዘሥላሴ የከበደው እሱ ነው። «ምን አለበት ስለ ዶሮ ብታወራ? ስለ ጅብ ብታወራ? የፈለግከውን ብትል እፈታው ነበር እኮ። መንገዱን ራስህ ዘጋኸው።»

«ነገ ይፍቱት! ከነገ ወዲያ!»

«መቼም ብፈታው ወፏ ቀድማዋለች።»

ማርያማዊት ከመስታወቱ ማዶ ወጥታ፣ «አቶ ፍሥሐ፣ ሰውየው ሊሞት ነው። የሚሉትን ይበሉ፣ ይፍቱት» አለችው። አቶ ፍሥሐ ኮፍያውን አጠለቀ። መኪናው ምሳ ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ተናግሮ ወጣ።

ዘሥላሴ ወደ ወልደኪዳን ቤት የሮጠው ምን ሊል እንደሆነ ሳያውቅ ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል። አንዱ ጠላ በጋን አሸክሞ መጥቷል፣ አንዱ ጠቦት ይዟል፣ ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ቆመዋል። በሰለች የገለባውን ፍራሽ ከአልጋው ላይ አውጥታ አጥር ሥር ጥላዋለች፤ በምትኩ ባና አንጥፋለች። ደጃፉ ላይ የሸክላ ገንዳ ተቀምጧል፤ የእግር ውኃ ነው፤ እንፋሎቱ ይታያል።

«መጣህልኝ!» አለችና አንገቱን አቅፋ ሳመችው። «ገና መንገድ ላይ ነው። ዳገቱን እያረፈ ነው የሚወጣው፣ ታውቀው የለም?»

«እትዬ በሰለች…»

«ወዬ።»

ሰው ሁሉ አፉን አየ። ገበያ ሙሉ ሰው በዶሮ ዕንቁላል ሲያስቅ የኖረ ምላስ ትናጋው ላይ ተጣበቀ።

«ውሸት ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልነገረኝም። አልተፈታም። መኪና አዘጋጅተው ሊወስዱት ነው።»

በሰለች ቀረብ አለችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ የፈራችለት ይመስላል። «ተው ልጄ፣ እዚህ የኛው ሰዎች ብቻ ናቸው። እዚህ እንኳ ወፏን አትደብቅ።»

ዘሥላሴ ደጃፉ ላይ ያለው መደብ ላይ ሊቀመጥ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«እዚያ አትቀመጥ፣ የሱ ቦታ ነው።»

ቆሞ ቀረ። ከታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ የመኪና ሞተር ተነሣ፤ ዳገቱን ሳይሆን ቁልቁለቱን ያዘና ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በሰለች ጎንበስ ብላ ጣቷን ገንዳው ውስጥ ነከረች። ውኃው በርዶ ነበር። ወደ ማሰሮው መለሰችውና እንደገና እሳት ላይ ጣደችው።