በጋሼ ፊት ልክ

በዚያ ፎቶ ቤት ውስጥ ማንም የማይነካው ነገር ቢኖር በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ነው። ጋሼ ቤቱን የከፈቱ ዕለት ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ቀይ ፊታቸውን ደጋግመው አንስተው፣ ያማረላቸው ጊዜ "በቃ፣ አገኘሁት!" ብለው ማስተካከያውን በፕላስተር አሸጉት። ከነጩ ግድግዳ ሥር ወንበሩ ያለበትንም ቦታ ወለሉ ላይ በሰማያዊ ቀለም ከበቡት። ከዚያ ወዲህ ቀዩም ጠይሙም የሚነሳው በጋሼ ፊት ልክ ነው። ጥቁር ሰው ሲመጣ ዓይንና ጥርሱ ብቻ ይወጣል፤ ጋሼም ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው እስኪነጣ ድረስ ያሹታል። ደንበኛው ቅር ካለው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ካሜራ አይዋሽም፣ ወንድሜ።"

ረዳታቸው ችኮ ትባላለች። "ለምን?" ስለምታበዛ ስሙን ያወጡላት ጋሼ ናቸው። ፎቶ አንሺ እሆናለሁ ብላ ገብታ እስካሁን ያስተማሯት ጉርድ ፎቶ በመቀስ መቁረጥና መብራት ይዞ መቆም ነው። "እኔ ላንሳ?" ስትል "ቆይ፣ ትደርሺበታለሽ" ይሏታል። መቼ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። እሷም ምን አባቷ ታድርግ፣ ጋሼ ምሳ ሲወጡ በተሰነጠቀ ስልኳ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ታነሳለች። አብዛኛው የማይረባ ነው፤ ወይ ተንቀጥቅጦ ይወጣል፣ ወይ ነጩ ግድግዳ ቦግ ብሎ ሰውየውን ይውጠዋል። ታጠፋውና እንደገና ታነሳለች።

አንድ ጠዋት እናቷ ጉርድ ፎቶዋን ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትመኘው የኖረችውን የፋብሪካ ሥራ ገና ማግኘቷ ነው። ጋሼ ያነጡትን ፎቶ ለመታወቂያ ብትሰጥ የፋብሪካው ዘበኛ አገላብጦ አይቶ፣ "እናቴ፣ ይቺ ሌላ ሰው ናት፤ እስከ ነገ የራስዎን ካላመጡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" ብሎ መለሳት።

"እኔን ድሮም ፎቶ አይወደኝም" አለች እናትየው እየሳቀች። ያ ሳቅ የችኮን ደም አፈላው።

"ችግር የለም፣ አሁን ትንሽ ብቻ ነው የማነጣቸው" አሉ ጋሼ።

"አይነጡም። እኔ ነኝ የማነሳት።"

"ምን አልሽ?"

ችኮ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ብርሃኑን ጨምራ አነሳች። የእናቷ ፊት ወጣ፣ ግድግዳው ግን ፀጉሯን በላው። ሁለተኛው ተንቀጠቀጠ።

"ይኸውልሽ!" አሉ ጋሼ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እስኪሰሙ ድረስ ሳቁባት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ግን ይህን ግድግዳ በየምሳ ሰዓቱ ስትታገለው ኖራለች፤ ሰው ሲጠጋው እንደሚብስበት ታውቃለች። እናቷን አስነስታ ወንበሩን ከሰማያዊው ክብ አወጣችና ወደ መስኮቱ ጎተተችው። መብራቱንም ከግድግዳው ላይ አዞረች።

"ወንበሩን መልሺ! ካልሆነ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ!"

"እወጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን እናቴን ላንሳ።"

ትንፋሿን ይዛ አነሳች። ታትሞ ሲወጣ እናትየው ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ጥቁር ፊቷ፣ ጋሼ ሲያነጡት የጠፋው የጉንጯ ጠባሳ፣ የደከመ ዓይኗ፣ ሁሉም በቦታው አለ።

"እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ "እርጅናውን እንኳን ትንሽ ብትቀንሺልኝ ምን ነበረበት?"

ችኮ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ጋሼ ወንበሩን ወደ ክቡ ሊመልሱ ዞር ሲሉ ግን ተራ ሲጠብቅ የቆየ አንድ ጥቁር ግዙፍ ሾፌር ተመቻችቶ ተቀምጦበታል።

"ይነሱልኝ፣ ቦታውን ላስተካክል" አሉት።

"ቦታውማ ተስተካክሏል" አለ ሾፌሩ። "አንቺ ልጅ፣ የት ትሄጃለሽ? ነይ አንሺኝ።"

ችኮ ጋሼን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ባዶው ሰማያዊ ክብ ውስጥ አስቀምጣ ወደ ካሜራው ሄደች።