የቀኙ ጎማ

ችኩል ነኝ። ወረታ ውስጥ ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። እናቴ እንኳ ስታሾፍብኝ «ዘጠኝ ወር መጠበቅ አቅቶት በስምንተኛው የመጣ ልጅ» ትለኛለች። «ደሴ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲሉኝ፣ «ያልቸኮለስ መቼ ጠገበ?» ብዬ እመልስ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በሰኔ ሚካኤል ዕለት ያፈሰስኩት ግን እስከ ዛሬ አልተለቀመም።

ያን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበርኩ። የምነዳው ላንድክሩዘር ነው። የፊት ጎማዎቿ በደኅናው መንገድ ከሞተሩ ተለያይተው ዝም ብለው ይንከባለላሉ፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ጭቃ ሲመጣ ግን ወርደህ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሐል ያለውን ክብ ቁልፍ በእጅህ አዙረህ ትቆልፋለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቷ መጎተት የሚጀምረው። ሁለቱም መቆለፍ አለባቸው። አንዱ ብቻ ቢቆለፍ ምንም እንዳልተቆለፈ ነው። ቁልፎቹ ላይ የነበሩት ፊደሎች ከብዙ ጊዜ በፊት ተፍቀው አልቀዋል። እኔ ግን ፊደል አያስፈልገኝም ነበር፤ እጄ ያውቀዋል።

በዋዜማው የሩዝ ዘር ጭኜ ቁሐር ሚካኤል ወርጄ፣ ዝናቡ አላስመልስ ቢለኝ እዚያው አደርኩ። ጧት መኪናዋን ሳሟሙቅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እየሮጡ መጡ። አያ አዛናው ናቸው፤ ዘሩን ሳራግፍ በማታው ተዋውቀናል። በእጃቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል።

«ወደ ወረታ ነህ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ምነው?»

አንድ ልጃቸው መንግሥቴ ከሦስት ቀን በፊት ጨው ሊገዛ ወረታ ወጥቶ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ነበር። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላውም። መልማዩ፣ «ክርስትና የተነሣበትን ቀን ቄሱ ጽፈው፣ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም አርፎበት አምጡ። መኪኖቹ የሚነሡት የሚካኤል ዕለት ስድስት ሰዓት ነው። ከተነሡ በኋላ በእኔ እጅ አይደለም» ብሏቸዋል። ቄሱ ያን ጧት ከማሕሌት ወጣ ብለው ጻፉላቸው፤ ሊቀመንበሩም ማኅተሙን መታላቸው። ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

«በእግሬም ብሆን ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው» አሉ ሰማዩን ቀና ብለው እያዩ። «አቋራጩን ይዤ ብሄድ ይሻለኝ ይሆን?»

«ኧረ ይግቡ! በግማሽ ሰዓት ወረታ ነን። እኔ እያለሁ በእግር ምን ያስኬድዎታል?»

ገቡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።

ከመንደሩ ብዙም ሳንርቅ፣ ከሩዝ ማሳው የሞላ ውሃ መንገዱን አቋርጦት አገኘነው። ማታ ስመጣ ያልነበረ ነው። ቆም ብሎ፣ ወርዶ፣ ጎማዎቹን ቆልፎ መግባት ነበር የሚገባው፤ ልብ ያለው ሹፌር እንዲያ ያደርጋል። እኔ በፍጥነት አልፈዋለሁ ብዬ ገባሁበት። መሐሉ ላይ ስደርስ ዋልካው ጭቃ ጨመደደኝ።

ተሳድቤ ወረድኩ። ውሃው ባቴ ድረስ ነው። በእኔ በኩል ያለውን የግራ ጎማ ቁልፍ ጎንበስ ብዬ ወደ በሩ አቅጣጫ አዞርኩት፤ ቀጭ ብሎ ገጠመ። ዞሬ ቀኙን መቆለፍ ነበረብኝ። ያቺ አምስት እርምጃ ረዘመችብኝ። አያ አዛናው በቀኙ በር ወርደው ጎማው አጠገብ ቆመዋል።

«አያ አዛናው! ጎማው መሐል ክብ ነገር ያያሉ?»

«አየሁት።»

«ወደ በሩ ያዙሩት! እኔ በዚህ እንዳዞርኩት፣ ወደ በሩ!»

ጎንበስ ብለው ታገሉ። «አልዞር አለኝ። ንቅንቅም አይል።»

«በቃ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ይግቡ!»

ማርሹን ለአራቱም ጎማ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠኋት። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እስከ ጣራዋ ድረስ ረጩት፤ መኪናዋ ግን ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ሄደች። ወደ ኋላ ሞከርኩ። ባሰባት። ፎገራ ሜዳ ላይ ከጎማ ሥር የሚገባ ድንጋይ ፈልገህ አታገኝም፤ የሩዝ ገለባ ሰብስቤ ጎዘጎዝኩላት። ገለባውን ዋጠችው።

በዓሉን ሊያከብሩ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው መጥተው ከበቡን። ጫማቸውን አውልቀው፣ ልብሳቸውን ሰብስበው ገፉ። እስከ ወገባቸው ጭቃ ለበሱ፤ አልነቃነቅ አለች። ጥቂት ራቅ ብሎ የሚግጡ ቀንዳም በሬዎች አየሁ።

«በሬ ጠምዳችሁ ጎትቱኝ!» አልኩ።

የአያ አዛናው ጎረቤት ንብረት የሚባል ጎልማሳ ነው የመለሰልኝ፤ «በሚካኤል ቀን? በገዛ ደጁ? እኛው እንገፋለን እንጅ በሬስ አይጠመድም።»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «የእርስዎስ በሬዎች? የሚሄደው እኮ የእርስዎ ልጅ ነው!»

«ልጄን እንዲያወጣልኝ የተሳልሁት ለሚካኤል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀኑን ሽሬ፣ ምን ፊት አለኝና ደግሜ እለምነዋለሁ?»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸውም። እኔ የምሆነውን አጥቼ ስቁነጠነጥ እሳቸው እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆመው የሚይዙት ነገር ነበራቸው። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

«እንግዲያስ በእግሬ ልሂድ?» አሉኝ።

«አሁን ትወጣለች። አንዴ ይጠብቁኝ።»

በእጄ ጭቃውን ዛቅኩ። ክሪክ ገብቶ ያነሣት እንደሆነ ሞከርኩ፤ ክሪኩ ራሱ ሰመጠ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን አያ አዛናው እንደገና፣ «ልጄ፣ ልሂድ ይሆን?» አሉ። «ይህን ያህል ከጠበቁ በኋላ ምን ያጣድፍዎታል? ከወጣች እኮ በመንገድ እቀድምዎታለሁ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ተመልሰው ቆሙ። እንዲሄዱ ያልፈለግኩት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። በእግራቸው ሄደው ከደረሱ፣ መኪናዬም እኔም የማንረባ መሆናችን ነው።

አምስት ሰዓት አለፈ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ መሪውን በቡጢ እመታለሁ፤ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ንብረት በመስኮቱ በኩል ቀርቦ፣

«የፊተኞቹ ጎማዎች አይዞሩም እኮ» አለኝ።

«አንተ ስለ ሞፈርህ አውራ!»

እንዲያ ብዬው ሳበቃ ግን ነዳጅ እየሰጠሁ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አየሁ። እውነቱን ነው። የፊት ጎማው አልዞር ብሎ ቆሟል። ዘልዬ ወርጄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀኙ ጎማ ዞርኩ። ቁልፉን ጨብጬ አዞርኩት። ቀጭ አለ። አልተቆለፈም ነበር።

ተመልሼ ገብቼ ነዳጅ ስሰጣት ፊቷ ነከሰና በአንድ ጊዜ ደረቁ ላይ ወጣች። ሰዎቹ እልል አሉ። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል። እኔ ግን ደስታ የት አባቱ፤ ወርጄ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሽማግሌው ላይ ወረድኩባቸው።

«አንድ ነገር ያዙሩ ቢባሉ አቃተዎት? ከጧት ጀምሮ እዚህ ያስቀመጠን የእርስዎ እጅ ነው! ልጅዎን በገዛ እጅዎ ላኩት!»

አያ አዛናው ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ገቡ።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት እኔ ነኝ የማውቀው። በየጉድጓዱ ጭንቅላታችን ጣራ ይመታል። ወረታ ስንገባ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ምልምሎቹ የነበሩበት ግቢ ባዶ ነው። አጥሩ ሥር እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አንድ ጸሐፊ በሩን ሲቆልፍ አገኘነውና ወረቀቱን ሰጠነው። ማኅተሙን አይቶ መለሰልን።

«ልክ በስድስት ተነሥተዋል። አሁን የሐሙሲትን መንገድ አጋምሰውታል» አለ።

አያ አዛናው ወደ እኔ ዞሩ። «እንከተላቸው?»

«የመውጫ ፈቃድ የለኝም፤ ኬላው አያሳልፈኝም» አልኩ። ፈቃድ እንዳልነበረኝ እውነት ነው። ፈርቼ እንደነበርም እውነት ነው።

ወረቀቱን በላስቲኩ ጠቀለሉት። «አንተማ የቻልኸውን ደከምህልኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እግዜር ይስጥህ» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝና በመጣንበት መንገድ በእግራቸው ተመለሱ።

ማታ መኪናዋን ግቢ አስገብቼ የፊት ጎማዎቹን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ግራውን ከበሩ ወዲያ አዞርኩት፤ ተፈታ። ወደ ቀኙ ሄድኩና እጄ፣ እንደ ልማዱ ሳላዘው፣ ቁልፉን ወደ በሩ አዞረው። ተፈታ። እጄን ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።

ሁለቱም የሚቆለፉት የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። በግራ ጎማ ይህ ወደ በሩ ነው። በቀኝ ጎማ ግን ከበሩ መራቅ ነው። አያ አዛናው ያልኳቸውን አንድም ሳያጎድሉ አድርገዋል፤ የተፈታውን ቁልፍ ወደሚፈታበት ስላዞሩት ነው አልነቃነቅ ያላቸው። ስንት ዓመት በእጄ ሳዞረው የኖርኩትን ነገር አፌ አያውቀውም ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ወለምታ የሰው ልጅ ይዞ ሄደ።

በማግሥቱ ወርጄ መንገር ነበረብኝ። አልወረድኩም። ዝናቡ፣ ሥራው፣ መንገዱ እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ጎርፉ ሜዳውን ሸፈነልኝ፤ ደስ አለኝ ብል ይቅር ይበለኝ፤ ሰበብ አገኘሁ። እንቅልፍ ግን አላገኘሁም። ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ሰው «ዛሬ ሚካኤል ነው» ሲል ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እወጣ ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ መኪናዋን ሳጥብ አያ አዛናው እሸት ሽምብራ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ከስተዋል። የመንግሥቴን ወሬ የሚያመጣ ሰው ጠፍቷል፤ ደብዳቤም አልደረሳቸውም።

«ላንተ ነው» አሉና ሽምብራውን እግሬ ሥር አስቀመጡት። «ያን ቀን ለደከምህልኝ።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ጎማው አጠገብ ወስጄ፣ እጃቸውን ይዤ ቁልፉን አስጨበጥኳቸው። ወደ በሩ አዞርን፤ እምቢ አለ። ከበሩ ወዲያ አዞርን፤ ቀጭ አለ። «በዚህ ጎማ የሚቆለፈው እንዲህ ነበር» አልኳቸው። «ወደ በሩ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያልኩትን ነው ያደረጉት።»

ቁልፉን ራሳቸው አንዴ ደግመው አዞሩት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«በዚያው ማታ።»

«በዚያው ማታ!» አሉ። ጎማው ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። «ለባለቤቴ ለይታይሽ በገዛ አፌ ነገርኋት። ልጃችንን ያስወሰድሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ ነው አልኋት። ከዚያ ወዲህ አስታጥባኝ አታውቅም። ማዕድ ስታቀርብ ውሃውን አጠገቤ አስቀምጣ ትሄዳለች። እኔም ይገባኛል ብዬ ኖርሁ፤ ይኸው ስድስት ወሬ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ተነሥ። ለእሷ ትነግራታለህ።»

ቁሐር ስንደርስ እመት ይታይሽ ደጃፍ ላይ ሽምብራ ትፈለፍል ነበር። ቁጭ በል አላለችኝም፤ ቆሜ ነገርኳት። ግራውን፣ ቀኙን፣ በሰው ፊት የተናገርኩትን፣ እንከተላቸው ሲሉኝ እምቢ ማለቴን፣ ሁሉንም። እሷ እኔን አላየችም፤ የባሏን እጅ ነው የምታየው።

ከዚያ ተነሥታ ገባችና ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። በአያ አዛናው ፊት ጎንበስ አለች። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ቀስ እያለች፣ መዳፋቸውንም ጀርባውንም እያየች አፈሰሰችላቸው፤ ውሃው ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አላቆመችም። ሽማግሌው ያለ ድምፅ አለቀሱ።

ወደ እኔ ስትዞር እኔም እጆቼን ዘረጋሁ። ማንቆርቆሪያውን አጠገቤ መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ቤት ገባች።